ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋ ጨዋታ

ሸሕዲ ላይ ጌም ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሙቀቱ ነው። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሳል፣ ቴሌቪዥኖቹ ከፊት ያሞቃሉ፣ ከኋላ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ አሥር አሥራ አምስት ልጆች ማጅራታችሁ ላይ ይተነፍሳሉ። ከተማዋን ገንዳ ውኃ ብላችሁ ብትጠሯትም ሙቀቱ አይቀንስም። እኔ ጌም መጫወት የተማርኩት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው፤ በጌም ኢንዱስትሪው ላይ ያለኝ ቅሬታም የተጀመረው እዚያው ነው።

ቅሬታዬ ይኼ ነው። ጌሞች በቴክኒክ እያማሩ ሄደዋል፣ ግን ከእጃችን እየወጡ ነው። ድሮ ጌም ማለት ሲዲ ነበር፤ አንዴ ከያዝከው ያንተ ነው። አሁን ብዙዎቹ ጌሞች የሚከፈቱት ሩቅ አገር የተቀመጠ ኮምፒውተር «እሺ» ሲል ብቻ ነው። ይኼ ለለንደን ልጅ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለመተማ ልጅ ግን የመጫወትና ያለመጫወት ጉዳይ ነው።

እስቲ ከአሮጌው ማሽን እንነሣ። (ዓመቶቹን የምጽፈው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ የወጣው በ2000 ነው። ሶኒ እንደሚለው ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እኛ ጋ ዘግይቶ ደረሰ፣ ከደረሰ በኋላ ደግሞ አልሄድ አለ። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር የተባለውን የእግር ኳስ ጌሙን፣ በአጭሩ ፔስ የምንለውን፣ እስከ 2014ቱ እትም ድረስ ለዚሁ ማሽን ማውጣቱን ቀጥሎ ነበር። ዛሬ የትኛው ማሽን ነው ከ13 ዓመት በኋላ አዲስ ጌም የሚሠራለት?

ከሁሉም የምወደው በ2006 የወጣው ፔስ 6 ነው። ግራፊክሱን ዛሬ ብታዩት ትስቃላችሁ። ተመልካቹ ካርቶን ይመስላል፣ የአንዳንዱ ተጫዋች ፊት ከስሙ ጋር አይተዋወቅም፣ ኮናሚ ፈቃድ ያላገኘባቸው ክለቦች ስም ደግሞ የፈጠራ ነው፤ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ነበር። ኳሱ ግን ኳስ ነበር። እግር ላይ አይጣበቅም፣ የራሱ ክብደት አለው። የፓስ ቁልፉን ትንሽ ካቆያችሁ ይረዝማል፣ ከቸኮላችሁ ያጥራል፣ ተጫዋቹ ፊቱን ሳያዞር ከመታችሁ ኳሱ ገበያ ይወጣል። አንድ ሰው ከሌላው የሚበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጣቱና በጭንቅላቱ። ሁለታችንም የያዝነው አንድ ዓይነት ጆይስቲክ፣ የምናየው አንድ ስክሪን፣ የምንመርጠውም ከአንድ ዝርዝር ነው።

አንድ ጉድለት ነበረበት፦ የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ። ያ ሰው ጎሉን በሩቁ ካየ አለቀ፣ በረኛው ይተኛል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች በዚያ እትም ላይ ይህን አላስተካከሉትም። ጌም ቤቱ ግን አስተካከለው። «አድሪያኖ ክልክል ነው» ተባለ፣ ሕግ ሆነ፣ ሕጉን የጣሰ ተራውን ያጣል። ሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ሳሉጎች ከተማውን ሲሞሉት ወረፋው ይረዝማል፣ አዲስ ፊት ይበዛል፣ ሕጉ ግን በአንድ ቀን ይለመዳል። አማርኛ የማይችል ሱዳናዊ ልጅ ራሱ «አድሪያኖ ክልክል» የምትለዋን አጥርቶ ይላት ነበር። ማንም ከጃፓን አፕዴት አልላከልንም። ጌሙ እጃችን ላይ ስለነበረ እኛው አረምነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወደ ሙቀቱ ልመልሳችሁ፤ ምክንያት አለኝ። ሶኒ ለአዳዲሶቹ ማሽኖቹ የሚመክረው የክፍል ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ይበልጣል፤ የቆርቆሮ ቤት ውስጥማ አትጠይቁኝ። አሁን ይህን አስቡ። ማሽኑ የሚቀዘቅዘው ሙቀቱን ለክፍሉ አየር በመስጠት ነው፣ የሚሰጠውም መጠን በቺፑና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ይወሰናል። ቺፑ 80 ዲግሪ፣ ክፍሉ 25 ቢሆን ልዩነቱ 55 ነው። ክፍሉ 42 ሲሆን ልዩነቱ ወደ 38 ይወርዳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞር እንኳ የሚወጣው ሙቀት ከ30 በመቶ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ማሽኑ ታዲያ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ማራገቢያውን እንደ ወፍጮ ያጮኸዋል፣ ወይ ራሱን ያዘገያል ከዚያም ያጠፋል። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ያው ነው። ጌም ቤቶች ማሽኑን ከጀርባ በቬንትሌተር የሚያስነፉት፣ አንዳንዶቹም ክዳኑን አውልቀው የሚጫወቱበት ይህን ሒሳብ በእጃቸው ስላወቁት ነው።

ማሽኑን የነደፉት መሐንዲሶች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሲነድፉ ያሰቡት ክፍል የኛን ክፍል አለመሆኑ ነው። ሙቀቱን በቬንትሌተር መለስነው። ቀጥሎ የመጣውን ግን በቬንትሌተር አትመልሱትም።

ኮናሚ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ፔስን ቀበረውና ኢፉትቦል የሚባል ነጻ ጌም ለቀቀ። ዓለም በጌሙ ሳቀ። የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ፣ ዓይናቸው ወጥቶ የሚያሳዩ ምስሎች ኢንተርኔቱን ሞሉት፣ ስቲም በተባለው የጌም መደብር ላይ ከሁሉም የከፋ ነጥብ ከተሰጣቸው ጌሞች ተርታ ገባ፣ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ሲወጣ ለወዳጅነት ጨዋታ የሚመረጡት ክለቦች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። በመቶ የሚቆጠሩ ቡድኖች ከነበሩት ጌም ወደ ዘጠኝ! ፊቶቹን በኋላ አስተካከሉ። እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አብዛኛው የጌሙ ክፍል ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለመጫወት የሦስተኛ አካል ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ መጣ።

በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የክልሉ ልጆች ታውቁታላችሁ። ስለ ጌም ማውራት በዚያ ጊዜ ቅንጦት ነበር፣ ሰው ብዙ የሚበልጥ ጭንቀት ነበረው። ግን እንደ ሙከራ ካየነው የትኛው ጌም የማን እንደሆነ የለየ ጊዜ ነው። ስልክ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ጌሞች መክፈቻቸው ላይ ቆመው ቀሩ፤ ክቡ ይዞራል ይዞራል፣ «ግንኙነትዎን ያረጋግጡ» ይላል። ሲዲና ሃርድ ዲስክ ላይ የተጫኑት አሮጌዎቹ ጌሞች መብራት ባለ ቁጥር ይነሣሉ።

ኔትወርክ ሲመለስስ? እስቲ እናስላው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከሸሕዲ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ወደ 4,900 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ቁልፉን ስትጫኑት መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ፣ ምንም ሳይዘገይ፣ ቢያንስ 49 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም አንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ ሦስት ምስል አመለጣችሁ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ተፈጥሮ የምታስከፍለው ነው፣ ከብርሃን የሚፈጥን ሲም ካርድ የለም። እውነተኛው መንገድ ደግሞ ቀጥታ አይደለም። የሱዳን ድንበር አፍንጫችን ሥር ነው፣ የአገራችን ዋነኛ የኢንተርኔት መውጫ ግን ጅቡቲ ነው። መልእክታችሁ መጀመሪያ ወደ መሀል አገር ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ከዚያ ነው አውሮፓ የሚገባው። በየጣቢያው ይቆማል፣ ይሰለፋል። እናንተ ላግ የምትሉት የነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ሰርቨሩ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ኳሱን ከእናንተ ቀድሞ ያያል። በኦንላይን ስትሸነፉ ሁሌም ጥፋቱ የጣታችሁ አይደለም። (ሁሌም የኔትወርኩም አይደለም፣ እንዳትለምዱት።)

ኩባንያዎቹ ሁሉን ኦንላይን ማድረግ ለምን ወደዱ? ብሩ እዚያ ስላለ ነዋ። ኢኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1993 ጀምሮ ፊፋ የሚል ስም ያለው ጌም ሲያወጣ ኖሮ በ2023 ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ለወጠው። ሜዳ ላይ፣ በፍትሕ ልናገርና፣ ጥሩ ጌም ነው፤ ፔስ የሄደበትን ክፍተት የሞላው እርሱ ነው። ሆዱ ውስጥ ግን ከ2009 ጀምሮ አልቲሜት ቲም የሚባል ክፍል አለ። ቡድናችሁን የምትሠሩት ጥቅል እየከፈታችሁ ነው፣ ጥቅሉ ውስጥ ማን እንዳለ ሳትከፍቱ አታውቁም። አልቲሜት ቲም በኩባንያው ጌሞች ሁሉ ተደምሮ በ2021 በተዘጋው የበጀት ዓመት ብቻ ለኩባንያው 1.62 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል፤ ከጠቅላላ ገቢው 29 በመቶ ገደማ። አንድን ጌም አንድ ጊዜ መሸጥ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ሒሳቡን እዩት። የምትፈልጉት ተጫዋች በአንድ ጥቅል ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 1 በመቶ ነው እንበል። «መቶ ብከፍት አንዱ ላይ አይቀርም» ይላል ብዙ ሰው። ይቀራል። አንዱ ጥቅል ላይ ያለማግኘት ዕድላችሁ 0.99 ነው፤ መቶ ጊዜ በራሱ ስታባዙት 0.366 ይሆናል። መቶ ጥቅል ከከፈቱ መቶ ልጆች ውስጥ ወደ 37ቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። 101ኛው ጥቅል ደግሞ ያለፉትን መቶ አያውቃቸውም፣ አያዝንላቸውምም። ዕድሉ ያው 1 በመቶ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይቀጥላል? ቢ. ኤፍ. ስኪነርና ቻርልስ ፈርስተር በ1957 ባሳተሙት ትልቅ ሥራቸው ርግቦች ቁልፍ እየነኩ እህል ሲያገኙ ያሳዩትን ጠባይ መዝግበዋል። እህሉ በቁጥር ሲመጣ፣ ለምሳሌ በየሃምሳው፣ ርግቧ ካገኘች በኋላ ትንሽ ታርፋለች። ስንተኛው ላይ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲመጣ ግን ማረፉን ትተወዋለች፤ መንካት ነው፣ መንካት ነው። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚህ ነው። ጥቅሉም እንዲሁ። የሚያበራው፣ የሚንቀጠቀጠው፣ ሊወጣ ሲል የሚቆመው ሥዕል ሁሉ እዚያች ርግብ ላይ የተጨመረ ጌጥ ነው። ፍሪ ፋየር የምትጫወቱ ልጆች ዳይመንድ አስገብታችሁ የምታሽከረክሩትን ታውቁታላችሁ። ፍሪ ፋየርን በአንድ ነገር አደንቀዋለሁ፤ ርካሽ ስልክ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ይህን የሚያስብ ኩባንያ ጥቂት ነው። ርካሽ ስልክ ላለው ልጅ ማሽከርከሪያ ይዞ መምጣቱ ግን ያሳዝነኛል።

የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 እንዲህ ያለ የሚከፈልበት ጥቅል ሕገ ወጥ ቁማር ነው አለ፣ ኢኤም በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር ጥቅል መግዣ ነጥቡን መሸጥ አቆመ። ቻይና ቀደም ብላ በ2017 ኩባንያዎች የየዕቃውን ዕድል በቁጥር እንዲያወጡ አስገደደች። ሁሉም አልተስማማም፦ ኔዘርላንድስ ውስጥ በኢኤ ላይ የተጣለው የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት በ2022 በበላይ ፍርድ ቤት ተሽሯል። ሳይንሱም ጠንቃቃ ነው። ዴቪድ ዘንድልና ፖል ኬርንስ በ2018 ከ7,000 በላይ ተጫዋቾችን ጠይቀው የቁማር ችግር የበረታባቸው ሰዎች ለእነዚህ ጥቅሎች ብዙ እንደሚያወጡ አገኙ። ጥቅሉ ቁማርተኛ ያደርጋል ወይስ ቁማርተኛው ጥቅሉን ይፈልጋል የሚለውን ግን ይህ ጥናት ብቻውን አይመልስም። ለኔ በሁለቱም መንገድ መጥፎ ነው። አንደኛው ችግር ይፈጥራል፣ ሁለተኛው ችግር ያለበትን ሰው ኪስ ያወልቃል።

እዚህ ላይ እናቶች «ድሮም ብለን ነበር!» እንዳይሉኝ። ጌም ጭንቅላት ያደነዝዛል የሚለውን ሰምቼ ነው ያደግሁት፣ በቀበቶም ታግዞ። ሻውን ግሪንና ዳፍኒ ባቬሊየር በ2003 ኔቸር ላይ ባወጡት ጥናት የአክሽን ጌም ልምምድ የዓይን ትኩረትን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታ ዝርዝሩ የጌም ሱስን አስገብቷል፤ ግን ብዙ ሰዓት መጫወት ብቻውን አያስመዘግብም። ሰውየው መቆጣጠር አቅቶት፣ ሌላው ሕይወቱ ተበላሽቶ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ቆይቶ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ከእናቶች ጋር የምንለያየው ጥያቄው ላይ ነው። «ልጁ ስንት ሰዓት ተጫወተ?» ከማለት ይልቅ «ጌሙ ልጁን ምን እያስደረገው ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ቀበቶው ባነሰ ነበር።

ጌሙን ገዝታችሁ እንኳ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጌም ነበር። ኩባንያው በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋው። የገዙት ሰዎች ብቻቸውን መንዳት እንኳ አልቻሉም፤ ሲዲው አለ፣ መኪናው አለ፣ መንገዱ የለም። ሮስ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ ወዲያው «ጌም መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ ጀመረ፣ በአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የፊርማ ጥያቄም በጁላይ 2025 ከ1 ሚሊዮን አለፈ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ሻጮች ፈቃድ ብቻ እየሸጡ «ይግዙ» እንዳይሉ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ይህን ሳነብ ያቺ ‹አድሪያኖ ክልክል› ትዝ ትለኛለች። ጌሙ እጃችን ላይ ባይሆን ኖሮ ማረም ቀርቶ ማቆየትም አንችልም ነበር። ፔስ 6ን ማንም መዝጋት አይችልም። መዝጊያ የለውማ።

አሁን በራሳችን ላይ ደግሞ እውነቱን እናውራ። እነዚያ ሲዲዎች ኮፒ ነበሩ። ኮናሚ ከሸሕዲ ጌም ቤት ሳንቲም አላገኘም፣ እኛም ያን ጊዜ ይህን ጥያቄ ብለን አናውቅም። ኩባንያዎች «ኦንላይን ያደረግነው ስለምትሰርቁን ነው» ሲሉ ሙሉ በሙሉ አይዋሹም። ግን መክፈል የሚፈልገውም ልጅ በሩን ያጣል። አዲስ ትልቅ ጌም 70 ዶላር ነው። ዶላር በ57 ብር ገደማ ሳለ ይህ 4,000 ብር አካባቢ ነበር፤ በጁላይ 2024 ምንዛሬው ለገበያ ተለቆ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ያው ጌም ከ7,000 ብር በላይ ሆነ። ብሩ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ስንቶቻችን ኪስ አለ? ዋጋውን በየአገሩ አቅም የሚያወርድ፣ በኛ ገንዘብ የሚቀበል ሻጭ ቢመጣ ስንት ሰው እንደሚገዛ ሳይሞክሩ «አፍሪካ አይከፍልም» ማለት አይቻልም።

አገር ውስጥ የሚሞክሩ አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ በ2018 ኩኩሉን አወጣ፤ ለወጥ ልትታረድ ስትል ያመለጠች ዶሮ ትሮጣለች፣ እናንተ ታስመልጧታላችሁ። የሩጫው ቀመር ቴምፕል ራንን ለተጫወተ ሰው አዲስ አይደለም፣ ቶሎም ይደጋገማል። ዶሮዋ ግን የኛ ዶሮ ናት፣ የምትሸሸውም ነገር የኛ ነው፤ የፋሲካን ዋዜማ የሚያውቅ ሰው ሳይስቅ አይጫወታትም። እኔ ብሠራ ከጎንደር መተማ ያለውን መንገድ እሠራ ነበር። ባዶ አይሱዙ ይዘህ አይከልን አልፈህ ቁልቁል ትወርዳለህ፣ በወረድክ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፣ ፍሬኑም ይሞቃል፤ ሰሊጥ ጭነህ ስትመለስ ዳገቱ ሞተሩን ያፈላዋል። ፊዚክሱ እዚያው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ የሚቀረው ኮድ የሚጽፍ ልጅ ነው።

እስከዚያው አዲስ ጌም ስታወርዱ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ከመልመዳችሁ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱት። ከተከፈተ ለአንድ ሰዓት ያህል ተጫወቱና ስንት ጊዜ ግዛ እንዳላችሁ ቁጠሩ። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ስልኬ ላይ የቀሩት ጌሞች አራት ናቸው።

ባለፈው ሸሕዲ ስሄድ ያቺ አሮጌ ማሽን አሁንም አለች፣ ክዳኗ ወልቆ፣ ቬንትሌተሩ ከጀርባዋ። ፔስ 6 ከአብሮ አደጌ ጋር ጀመርን። 2 ለ 1 እየመራሁ 84ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። እርሱ «አቻ ነበርን» ይላል። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ልጆች ተከፋፈሉ፣ ባለቤቱም ማን እንደሚከፍል አልወሰነም።